አፍንጬና ቀዩ ሳጥን

አባቴ የሚሰራበት ህንጻ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ከምድር ቤት እስከ ሰባተኛ ፎቅ ሁሉም «አፍንጬ» ነው የሚሉት፤ የሚያከብሩት «ጋሼ አፍንጬ» ይሉታል። ስራው ጥበቃ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ አንዲት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በየሰዓቱ እየተነሳ ሰባቱን ፎቅ በእግሩ ሲዞር ኖሯል። ሲዞር ከማየት ይልቅ ያሸታል። በየበሩ ጎንበስ ብሎ አንዴ ሳብ ያደርግና ያልፋል።

በዚህ አፍንጫ ሦስት እሳት ይዟል። አንደኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጣሪያ ውስጥ የጋለ ሽቦ ነበር፤ ሁለተኛው አንድ ጠበቃ ሲጋራ የጣለበት የወረቀት ቅርጫት፤ ሦስተኛው የአራተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊዎች ሳያጠፉት ምሳ የወጡበት ካውያ። ሦስቱንም ነበልባል ሳይሆኑ ደርሶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ክብሩ ሌላ ሆነ። የሁሉም ክፍል መለዋወጫ ቁልፍ በአንድ ትልቅ ቀለበት ታስሮ ወገቡ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሲራመድ ከአንድ ፎቅ በላይ ይሰማል። ያንን ድምፅ ሲሰማ ደረቱ ይነፋ ነበር።

እኔ ልጁ ነኝ፤ ለእናቴም አንድ፣ ለእሱም አንድ። እውነቱን ልናገርና በዚያ ህንጻ እቀና ነበር። ሰው በእህቱ ይቀናል፣ በጎረቤት ልጅ ይቀናል፤ እኔ የቀናሁት በሲሚንቶ ነው። አባቴ የተከራዮቹን ልጆች ስም፣ ማን ስንተኛ እንደወጣ፣ የማን ጥርስ እንደወለቀ ሳይቀር ያውቃል። እኔን ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ «አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብሎ ጠይቆኛል። እናቴ ህንጻውን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው። ሰው ባሏን ሲጠይቃት «ጣውንቴ ጋ ነው» ትላለች፤ «ዛሬ የእሷ ተራ ነው። ነገም የእሷ ነው።» ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። እኔን አያስቀኝም ነበር። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የሚለው ተረት ለእኛ ቤት የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባቴ የዕረፍት ቀን ነው፤ ሲረፍድ ይዞኝ ሊወጣ ቃል ገብቶልኛል። ጫማዬን አስሬ በር ላይ ተቀምጫለሁ። «ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የማላውቃት ሽታ ነበረች፤ አይቻት ልምጣ» አለና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የሳሎኑ መጋረጃ በነፋስ ተነስቶ ምድጃው ላይ አረፈ። እናቴ በባዶ እጇ ጎትታ አወረደችው፣ ረግጣ አጠፋችው። የቀኝ እጇ ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ ተላጠ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

አባቴ አመሻሽ ላይ መጣ። በሩን ገና ሳይከፍት ከውጭ ቆሞ «ምንድነው የተቃጠለው?» አለ። ከውጭ አሸተተው! እናቴ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀምጣለች። «አፍንጫህን ላስ» አለችው። ያንን ቃል ከአፏ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ መጋረጃ ማናችንም አንስተን አናውቅም።

ሳድግ ኤሌክትሪክ ተማርኩና የእሳት ማስጠንቀቂያ የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ገባሁ። «እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል፣ ይሄ ግን እሳት ወለደ» ይሉታል አባቴን፤ የእሱን ፈለግ የተከተልኩ መስሏቸው። ልቤን የማውቀው እኔ ነኝ። ያንን አፍንጫ አንድ ቀን ስራ ላስፈታው ነበር የምመኘው። የህንጻው ባለቤት ማስጠንቀቂያ ይግባልኝ ብሎ ድርጅታችን ሲመጣ፣ አለቃዬ ማን ይሂድ የሚለውን ሳይጨርስ «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ሁለት ወር ፈጀብን። በየክፍሉና በየመተላለፊያው ጣሪያ ላይ ከሻይ ሳህን የማይበልጥ ነጭ ክብ ነገር ሰቀልን፤ ጭስ ጠቋሚ ይባላል። ሻይ በሚፈላባቸው ክፍሎች ብቻ እንፋሎቱ እንዳያታልለን ጭስ ሳይሆን ሙቀት የሚጠብቅ ሰቀልን። በየደረጃው አጠገብ ደግሞ መስታወት ያላት ትንሽ ቀይ ሳጥን አለች፤ እሳት ያየ ሰው መስታወቷን ተጭኖ ሲሰብራት የህንጻው ደወል በሙሉ ይጮሃል።

የሁሉም አለቃ መግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ቀይ ሳጥን ነው። አንድ ሽቦ ከእሱ ተነስቶ ህንጻውን በሙሉ ይዞርና ተመልሶ እሱው ጋ ይገባል፤ ጠቋሚዎቹ እንደ ዶቃ በዚያ ሽቦ ላይ ተሰክተዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ሳጥኑ በየጥቂት ሰከንዱ በተራ «አለህ?» ይላቸዋል። «አለሁ፣ ሰላም ነው» ይላሉ። አንዱ መልስ ካጣ ቢጫ መብራት ይበራል፤ ብልሽት አለ ማለት ነው። አንዱ «ጭስ አገኘሁ» ካለ ቀይ ይበራል፣ ደወሉ ይጮሃል፣ ሊፍቱም ምድር ወርዶ በሩን ከፍቶ ይቆማል። ሁሉም ደህና ሲሆን አረንጓዴ ነው። የሆነውን ሁሉ ደግሞ በሰዓትና በደቂቃ ይመዘግባል፤ ሰው ቢረሳ እሱ አይረሳም።

ደንቡ ይህ ሳጥን የእሳት አደጋ ሰራተኞች ገና ከበር ሲገቡ የሚያዩት ቦታ ይሁን ይላል። ያ ቦታ የአባቴ ወንበር ያለበት ነው። በትክክል ለመናገር ሌላም የሚሆን ግድግዳ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ገባ ይላል እንጂ ደንቡን አይጥስም። እኔ ግን ወንበሯን አስነሳሁ። አባቴ ቁልፎቹን እያንሿሿ ወንበሯን ወደ ደረጃው ስር ሲጎትት ዞሬ መሰርሰሪያዬን ያዝኩ።

የርክክቡ ቀን አስተዳዳሪውና ተከራዮቹ ተሰብስበው እንዳስረዳ ተነገረኝ። አንዱን ጠቋሚ ከፍቼ አሳየኋቸው።

«ውስጡ ጨለማ ነው» አልኩ። «አንዲት ትንሽ መብራትና አንዲት ትንሽ ዓይን አሉ፤ ግን አይተያዩም። ጠዋት በመስኮት ቀዳዳ የገባ ጨረር ላይ አቧራው ሲታይ ልብ ብላችኋል? ጭስ እዚህ ውስጥ ሲገባ መብራቱ ጭሱን መትቶ ይበተንና ዓይኗ ታየዋለች። ያኔ ትናገራለች።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለ አባቴ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«ይቺ ባለመስታወቷስ ለምንድናት?» ሲል ጠየቀኝ ቀጥሎ።

«ሰው ከማሽኑ የቀደመ እንደሆነ ነው።»

ጠጋ ብሎ አያት። ካመጣሁት ሁሉ የወደዳት እሷን ብቻ ነው።

ከዚያ አስተዳዳሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስት ወር እንሞክረዋለን። ሳጥኑ ያለ እንከን ከሰራ ቁልፎቹ ቢሮ ይገባሉ፣ ጋሼ ደግሞ ወደ መኪና ማቆሚያው በር ይዛወራሉ። እስከዚያም ጋሼ፣ ፎቅ ለፎቅ አይድከሙ፤ ሳጥኑን እያዩ ቁጭ ይበሉ። ዕድሜዎም ነው።»

አባቴ ቀለበቱን ጨበጥ አደረገ፤ ድምፁ ጠፋ። ደስ አለኝ። አሁን መዋሸት አያስፈልገኝምና፣ አዎ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ሲገባ ወሬው ስለ ተከራዮቹ መሆኑ ቀረ፤ ስለ ሳጥኑ ብቻ ሆነ። በሴት ይጠራዋል። «ዛሬም ስታፈጥብኝ ዋለች። ሰው ሁሉ ሲገባ እሷን ያያል፤ ሰላም የሚለኝ ቀንሷል። ባለ ስፌት ቤቷ እንኳ ‹ጋሼ፣ አሁንማ ተገላገሉ› አለችኝ። ምኑን ነው የተገላገልኩት?»

እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። «አሁን ገባህ?» አለችው። «ጣውንት ማለት እንዲህ ናት።»

ሳምንት ሳይሞላ አምላኩ ሰማው። ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጸሐፊ ትንኝ ልትገድል ፍሊት መርጨት የጀመረችው ልክ ከጠቋሚው ስር ነበር። ፍሊቱ ገባ፣ ዓይኗ አየች፣ ሰባት ፎቅ ሰው ተግተልትሎ መንገድ ላይ ወጣ። በሞተር ሳይክል ስደርስ አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

«ፍሊትና እሳት የማትለይ አፍንጫ!» አለ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ልጄ፣ ይቺ ሳጥንሽ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?»

አስተዳዳሪው ሳይቀር ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን ከዚህ ሰውዬ ምንም ነገር አልጠይቅም ብዬ ለራሴ ማልኩ። መሐላዬንም ጠበቅሁ፤ የጠበቅሁት ግን በማይጠበቅበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ወር ሲጋመስ አራተኛ ፎቅ ቀለም ሊቀባ ሆነ። ቀለም ቀቢዎች ግድግዳውን ሲፍቁ አቧራው ጠቋሚዎቹ ውስጥ እንዳይገባ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ክዳን እንገጥምላቸዋለን። አስራ አራት ክዳን ገጠምኩ። ክዳን የተገጠመለት ጠቋሚ ክፉነቱ ሳጥኑ አያውቅበትም። «አለህ?» ሲለው «አለሁ፣ ሰላም ነው» ይላል። አልዋሸም፤ አፍንጫውን የደፈኑት ሰው ምንም አይሸተኝም ቢል ምን ጥፋት አለበት? ሳጥኑም አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ክዳን መቁጠር የሰው ስራ ነው።

ቀለሙ ሲያልቅ ላነሳ ሄድኩ። አስራ ሦስቱን አነሳሁ። አስራ አራተኛው የስፌት ቤቱ የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ነው፤ በሩ ተቆልፏል። ባለ ስፌት ቤቷ ልጇን ሐኪም ቤት ወስዳ ቁልፉን ይዛው ሄዳለች አሉኝ። መለዋወጫው ግን ሩቅ አልነበረም። ከታች አዳራሹ ውስጥ ሲንሿሿ ይሰማኛል። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ «አባዬ፣ ክፈትልኝ።» ያቺን ቃል ማውጣት ሞት መሰለኝ። ሰው ፊት «እሷስ ቁልፍ የላትም እንዴ?» ሲለኝ ታየኝ። ነገ እመለሳለሁ አልኩና መሰላሌን አጥፌ ወረድኩ። በነጋታው አለቃዬ ሌላ ቦታ ላከኝ። ከዚያ ረሳሁት። እንዴት ይረሳል ብላችሁ አትፍረዱብኝ፤ እኔ በራሴ ላይ በቂ ፈርጃለሁ።

ሙከራው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የሆነው። የነበርኩት ሌላ ሰፈር ስለሆነ ግማሹን ከሰው፣ ግማሹን ከሳጥኑ መዝገብ፣ የቀረውን ከአባቴ ነው የሰማሁት።

ረፋድ ላይ ነበር። አንዷ ሰፊ ካውያዋን ነቅላ ሳይበርድ መጋዘን ውስጥ የጥጥ ጥቅል ላይ ደፍታው፣ በሩን ቆልፋ ወጥታለች። ከመጋዘኑ ግድግዳ ጀርባ የውሃ ቧንቧ የሚወርድበት ክፍተት አለ፤ ሽታው በዚያ በኩል ወረደ። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ አንዴ ሳብ አደረገ። ጥጥ ነው፤ የጋለ ብረትም አለበት። ቀና ብሎ ሳጥኑን አየ። አረንጓዴ። ደግሞ አየ። አረንጓዴ። ጉልበቱ በሽተኛ ነው፤ አራቱን ፎቅ ግን በአንድ ትንፋሽ ወጣ ይላሉ ያዩት። በመጋዘኑ በር ስር ክር የሚያክል ጭስ ይወጣል። በአውራ ጣቱ መስታወቷን ሰበራት።

ደወሉ በሰባቱም ፎቅ ጮኸ። ሊፍቱ ወርዶ ቆመ። አስራ አንዱ ሰፊዎች፣ ከላይ ያሉት ሁሉ በደረጃ ወረዱ። እሱ በቁልፉ ከፍቶ በእሳት ማጥፊያው ዱቄት ጥቅሉን አዳፈነው። ሲወርድ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ሳሉ እየጣለው ነበር። አንድም ሰው አልተጎዳም።

ስደርስ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። አስተዳዳሪው ሮጦ መጥቶ እጄን ጨበጠ። «ማሽንሽ አዳነን! ለካስ እንዲህ ነው የሚሰራው! ገና ነበልባል ሳይሆን እኮ ነው የጮኸው!» ባለ ስፌት ቤቷ አቅፋ ሳመችኝ። «ሳጥኑ ባይኖር ልጆቼን አጥቼ ነበር» አለችኝ፤ ሰፊዎቹን ነው ልጆቼ የምትለው። ዞሬ አባቴን አየሁት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እርጥብ ጨርቅ አፉ ላይ ይዟል። መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ ቢል ማን ይከለክለው ነበር? አስተዳዳሪው «አይደለም እንዴ ጋሼ?» ሲለው ጨርቁን ዝቅ አደረገና «አዎ፣ ጮኸች» አለ።

አላመንኩም። የምን ቸርነት ነው ብዬ ወደ ሳጥኑ ሄጄ መዝገቡን ከፈትኩ። መጀመሪያ፦ አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት፣ የአራተኛ ፎቅ ባለመስታወት ሳጥን። ቀጥሎ፦ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት፣ የመተላለፊያው ጠቋሚ። ከሁሉም በኋላ፦ አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ፣ መጋዘን። እሳቱ የተነሳበት ክፍል ከጎረቤቱ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ «ጭስ አገኘሁ» ይላል። ያኔ አስራ አራተኛው ክዳን ትዝ አለኝ። ሳጥኑን ተደግፌ ቆምኩ።

አባቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው በአቅራቢያችን አልነበረም።

«አባዬ፣ ክዳኑ የት አለ?»

«የምን ክዳን?»

«አባዬ።»

ሳለና ከኪሱ አወጣው። ብርቱካናማው በጥላሸት ጠቁሯል። «ጣይው» አለኝ። «ያየ የለም።»

«እዚያ ጭስ ውስጥ በርጩማ ላይ ወጥተህ ይሄን አወለቅክ?»

«እሳቱን ካዳፈንኩ በኋላ ነው።»

«እሳቱን ተወው፣ ጭሱ ነው የሚገድለው!»

«ክዳን የረሳ ባለሙያ ፈቃዱን ይነጠቃል ብለሽ ለእናትሽ ስታወሪ ሰምቻለሁ» አለ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልይ?»

አለቀስኩ። እጁን ልይዘው ስል ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ጣሪያው በጭስ ተሸፍኖ ነበር፤ ክዳኑ አይታይም።

«ክዳን እንዳለው በምን አወቅክ?»

ጨርቁን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ቀለሙ ባለቀ በማግስቱ ከፍቼ አይቻታለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

እንባዬ ቀጥ አለ። «ሦስት ሳምንት? አስራ አንድ ሴቶች እዚያ ይውላሉ እኮ!»

«አውቃለሁ። የሁሉንም ስም አውቃለሁ። ለዚያ ነው በቀን ስድስት ጊዜ የወጣሁት። አስተዳዳሪው ስልክ ሲያወራ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ ሹልክ እላለሁ፤ በሩን አሸትቼ እወርዳለሁ።»

«ክዳኑን ብታነሳው፣ ወይ ብትነግረኝ አይሻልም ነበር?»

«ይሻል ነበር» አለ። «አቃተኝ። ክዳኗን ከማንሳት በቀን ስድስት ጊዜ አራት ፎቅ መውጣት ቀለለኝ። እሷ ስታፍር አንድ ጊዜ ልይ አልኩ። ቀናሁ፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ በሳጥን ቀናሁ። ሳቂብኝ።»

አልሳቅኩም። ልጮህበትም ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን አፌ? «እኔም ያን ቀን ቁልፉ ወገብህ ላይ ሲንሿሿ ሰምቻለሁ» አልኩት። «ክፈትልኝ ማለት አቃተኝ።»

ዞሮ አየኝ። ሁለታችንም የአንድ ሸክላ ስባሪ ነን፤ ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። በእኛ ቅናት ባለ ስፌት ቤቷ ልጆቿን ልታጣ ነበር፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እሱ ነበር የሚሆነው።

ሪፖርቱን በማግስቱ ጻፍኩ። ክዳኑን የረሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ማስጠንቀቂያውን የሰጠው ሳጥኑ ሳይሆን የህንጻው ጥበቃ እንደሆነ፣ ከየትኛውም ጠቋሚ ሦስት ደቂቃ እንደቀደመ፣ መዝገቡን አያይዤ ጻፍኩ። አባቴ ክዳኑን እያወቀ ሦስት ሳምንት ዝም ማለቱን ግን አልጻፍኩም። ትክክል ነው አልልም። ያንን ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።

አለቃዬ ፈቃዴን አልነጠቀኝም፤ ግን ለስድስት ወር ብቻዬን እንዳልሰራ አደረገኝ፤ ክዳን ስቆጥር የሚቆጥርልኝ ሰው ከኋላዬ ይቆማል። ይገባኛል። የህንጻው አስተዳዳሪ ደግሞ ሪፖርቱን አንብቦ አባቴን አዳራሹ ውስጥ ሰው ሰብስቦ አመሰገነው። ዙረቱ በጽሑፍ ተመለሰለት፣ ቁልፎቹ እሱው ጋ ቀሩ፣ ወንበሯም ከሳጥኑ ጎን ተመለሰች። ሰው አጨበጨበ። አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰው ሲበተን ጠራኝ።

«የእኔን አልጻፍሽም» አለኝ።

«አልጻፍኩም።»

«አሸንፌያለሁ እኮ» አለ። «ለምንድነው የማይጣፍጠኝ?»



ከሁለት ሳምንት በኋላ በዕረፍት ቀኑ ቤት ስሄድ እናቴ በር ላይ ተቀበለችኝ። «ዛሬ ጣውንቴ ለቀቀችው መሰለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ይዞ ይዞረኛል» አለችኝ። ገባሁ። አባቴ ሳሎኑ መሃል ቆሟል። የእንጨት ወንበር አጠገቡ አለ።

«ለቤትም የምትሆን ትንሽ አለች ብለሽ ነበር» አለኝ። «ሳጥን የማትፈልግ፣ በባትሪ የምትሰራ። አንዷን ስቀይልን።»

«የት ላይ?»

ወደ መስኮቱ አመለከተ። ዛሬ ሌላ መጋረጃ አለበት። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ነበር፤ አቆመች።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ጣሪያው ላይ በሁለት ብሎን አሰርኳት። ስወርድ እሱ ወጣ። ጉልበቱ ሲንቀጫቀጭ ወንበሩን ያዝኩለት። ጣቱን በዙሪያዋ ቀስ አድርጎ አዞረ።

«ክዳኗን አንስተሻል?»

«አንስቻለሁ አባዬ።»

በቃሌ አላመነም፤ ደግሞ አንዴ አዞረ። ደግ አደረገ። ከዚያ መሞከሪያዋን ተጫነ። ቤቱ በጩኸት ሞላ፤ እናቴ ጆሮዋን ያዘች። ጠቋሚዋ ዝም ስትል አባቴ አልወረደም። ፊቱን ወደ ጣሪያው እንዳደረገ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ቆመ።

«ያን ቀን እዚህ አልነበርኩም» አለ።

ከመጋረጃው ቀን ጀምሮ ስንት ዓመት እንደሆነ በልቤ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። እናቴ ቀረብ አለችና ጠባሳ ያለበትን እጇን ወንበሩ ላይ ከእኔ እጅ አጠገብ አሳረፈች።

«አሁን አለህ» አለችው። «ውረድ፤ ጉልበትህን ትሰብራለህ።»